ጋሼ ወንድሙ ያላዩት መስመር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ቴዎዶላይት ተሸክሜ ከቁስቋም በላይ ያለውን የእንጦጦ ዳገት ወጣሁ። ማዕዘን የምንለካበት ይህ መሣሪያ ከነሣጥኑ ከባድ ነው፤ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። የቡድን መሪያችን ጋሼ ወንድሙ አናቱ ላይ ያለችውን የሲሚንቶ የልኬት ምሰሶ አሳዩኝ።

«የዚህች ኬንትሮስ ከየት ነው የሚቆጠረው?»

«ከግሪንዊች።»

«አይተኸዋል?»

«የት አባቴ አይቼው?»

«እኔም አላየሁት። ዕድሜ ልኬን ካላየሁት መስመር እቆጥራለሁ» ብለው ሳቁ። ለንደን ሄደው እሱን ማየት ነበር ምኞታቸው። ከቀያሽ በቀር ማን እንዲህ ይመኛል?

በደርግ ጊዜ የእንግሊዝ አገር ሥልጠና መጣና ሁለታችንም ተመረጥን። ጋሼ ወንድሙ ሱፍ ልብስ አሰፉ። ከመሄዳችን በፊት አንድ ልኬት ይቀረን ነበር፤ እሳቸው እንጦጦ፣ እኔ ፉሪ ተራራ ላይ ወጣን። ሩቅ ነጥብ በዓይን ስለማይለይ በመስታወት ፀሐይ እያንጸባረቅን ነው የምንተያየው። ረፋዱ ላይ የሳቸው ብርሃን ጠፋ። ደመና ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

ለካ የአብዮት ጥበቃዎች «ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?» ብለው ይዘዋቸው ወርደዋል።

ቀበሌ ሄጄ ለሊቀ መንበሩ አስረዳሁ። «ለእኔ ነው ያበሩት፤ ፉሪ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ሁለት ናችሁ» አለና እኔንም አሰረኝ። የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ለምኖ ሲያስፈታኝ ጋሼ ወንድሙ ወደ ሌላ እስር ቤት ተወስደው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አጠያይቀው ደረሱበትና ስንቅ ያመላልሱ ጀመር። አንድ ቀን ጠባቂው ምግቡን መለሰላቸው። «ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

ሥልጠናው ቀርቶ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። ግሪንዊች ግቢ ውስጥ ጎብኚዎች አንድ እግራቸውን ከመስመሩ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። አንዱ ላንሳህ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ዳር ይዤ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።

ስመለስ ጉለሌ፣ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምን ይመስላል?»

«መሬት ላይ የተሰመረ ቀጭን መስመር ነው።»

«አንተ የቦታ ሰው ነህ» አሉኝ። «እሱን የት እንደጣሉት ፈልግልኝ። ሌላ ምንም አልልህም።»

ጡረታ እስክወጣ ጠየቅሁ። አፅም ተገኘ በተባለበት ሁሉ ሄድኩ። አላገኘኋቸውም፤ እትዬ ዘነበችም ሳያውቁ ሞቱ። ቀያሽ የሚለካው ያሳዩትን ነጥብ ነው። የደበቁትን የሚያገኝ መሣሪያ የለንም።