የባትሪ ድንጋይ ምርቃት

ሞላሌ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር፣ ቮልት፣ አምፔር፣ ዋት እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼም እንደ ዳዊት ይደግሙልኛል። ከተማዋ ግን አንዲት አምፖል እንኳ አልነበራትም። እኔም መጽሐፉን ስለሸመደድኩ ዐዋቂ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አጉል ዐዋቂነት የት እንደሚያደርስ ያየሁት በአከራዬ ላይ ነው።

አከራዬ ገብስ የሚሸጡ ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ባሕር ማዶ ሄዷል። ገበያው እሳቸውን የሚያውቃቸው በቁናቸው ነው፤ አፉ ድረስ ሞልተው፣ በላዩ ከምረው፣ ከዚያ ደግሞ አንድ እፍኝ ምርቃት ይጥሉበታል። ልክ ብቻ የሚሰጥ ሰው ንፉግ ነው ይሉ ነበር።

ከገና በፊት ከልጃቸው ደብዳቤ መጣ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በገና ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ወታደሮቹ በራዲዮ ለቤተሰባቸው ሰላምታ ያስተላልፋሉ፤ እሱም ይናገራል። ድምፁን ከሰሙ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ደብዳቤውን ደግመህ ደጋግመህ አንብብልኝ አሉኝ።

ራዲዮ ነበረችኝ፤ የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫዋ ግን ዝጎ ተበልቷል። ስለዚህ ሸምበቆ ለሁለት ሰንጥቄ፣ አራት ድንጋይ በተርታ ደርድሬ፣ ጫፍና ጫፉን በሽቦ ከራዲዮዋ ጋር አገናኘሁ። አጠገቤ ቁጭ ብለው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። አንዱ ድንጋይ አንድ ተኩል ቮልት ነው፣ አራቱ ስድስት ይሞላሉ፣ ራዲዮዋም የምትፈልገው ስድስት ነው አልኳቸው። ቮልት ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ምን እንዳንቀለቀለኝ እንጃ፣ የኤሌክትሪክ ቁና ማለት ነው አልኩ። ወዲያው ገባቸው። እኔም በማስረዳቴ ኮራሁ።

የበዓሉ ዕለት ሰዓቱ ሲቃረብ ጎረቤት ልጠራ ወጣሁ። ስመለስ ራዲዮዋ ከደጅ ትሰማለች፤ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። ገባ ብል ሸምበቆው ላይ ስምንት ድንጋይ ተደርድሯል። አራቱን ገብስ ሸጠው ገዝተው፣ ሳይነግሩኝ አስቀምጠው ኖሯል። ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«ለልጄ ድምፅ ምርቃት ልንፈግ?» አሉኝ።

ሽቦውን ልነቅል ስንደረደር የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ራዲዮዋ አንዴ አጓርታ ዝም አለች። ሰላምታው አልተጀመረም ነበር።

ትርፉን አወጣሁ፣ ሽቦውን ነካካሁ፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት። ምንም የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቮልት ሲበዛ እንደሚያቃጥል ማስረዳት የጀመርኩት ያኔ ነው። በከተማዋ ሌላ ራዲዮ ያለው ብቸኛ ሰው ለበዓል አገሩ ሄዶ ቤቱን ቆልፏል። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። የጠራኋቸው ጎረቤቶች መሬት መሬቱን ያያሉ። በዚያች ደቂቃ ልጁ የሆነ ቦታ እየተናገረ ነው፤ እኔ የቮልት አስተማሪው አንዲት ቃል ላመጣላቸው አልቻልኩም።

«በአራቱ ብተዋት ትናገር ነበር?» አሉኝ አከራዬ ቀስ ብለው።

አዎ አልኩ።

በሳምንቱ ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣ ነጋዴ ገብስ ሊገዛቸው ቆመ። እኔም ጆንያ ላግዛቸው ገበያ አብሬያቸው ነበርኩ። ሰውዬው የልጃቸውን ስም በራዲዮ እንደሰማ፣ ደህና ነኝ እማዬ፣ አታስቢ እንዳለ ነገራቸው። ቁናቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ድምፁ ወፍሯል?»

ነጋዴው ግራ ገባው። የድሮ ድምፁን ስለማላውቀው ይህን ልነግርዎ አልችልም አላቸው። ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔም አላውቀውም። ጎንበስ ብለው ቁናውን ሞሉለት፣ ከመሩለት። እፍኛቸውን ዘግነው ትንሽ ቆዩና፣ ምርቃቱን ጣሉለት።