የአንጥረኛው ሁለት ጠገራ ብር

ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት እንግዳ ገና ከላሊበላ ሳይበተን፣ ከቤተ ማርያም ቅዳሴ ወጥቼ ቁልቁል ስወርድ የክርስትና ልጄ ወይንሸት ከሱቋ ደጃፍ ጠራችኝ። ወይንሸት ለእንግዶች መስቀልና የብራና ሥዕል የምትሸጥ፣ የፈረንጅ ቋንቋም አጣርታ የምትናገር ልጅ ናት።

«የኔታ፣ አንዴ ወዲህ ይበሉማ! እኒህ ሰውዬ የሚነግሩኝን ጉድ ይስሙልኝ!»

ከአጠገቧ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ሽማግሌ እንግዳ ቆሟል። ወይንሸት እጄን ያዘችና መዳፌ ላይ ክብ፣ ከባድ፣ ቀዝቃዛ ነገር አኖረችበት። ገና ሳላየው አወቅሁት፤ ጠገራ ብር ነበር። በአንድ ፊቱ ሻሽ የደፋች ደንዳና ሴት፣ በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር።

«የተሠራው በእሳቸው አገር ነው» አለችኝ። «ሴትዮዋ ንግሥታቸው ነበረች፤ የተጻፈው ዓመት ደግሞ የሞተችበት ነው። ግን ጉዱ ምን መሰለዎ? ከሞተች በኋላም እስከ ዛሬ ድረስ ያንኑ ዓመት እያተሙ ይሠሩታል! የዓረብና የእኛ አገር ነጋዴ ሌላ ዓመት ያለበትን አልቀበልም ስላለ ነው አሉ። ማተሚያው ስንት አገር ዞሯል፤ የትም ይሠራ የት፣ ያችው ሴትዮ፣ ያው ዓመት! አያስቅም?»

እሷም ሳቀች፤ እንግዳውም ሳቀ። እኔ ግን ከሱቁ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ።

«ምነው የኔታ? ውኃ ላምጣልዎ?»

«ደኅና ነኝ ልጄ፤ ፀሐዩ ነው» አልኋት። ፀሐዩ ግን አልነበረም። ከአርባ ዓመት በላይ ያለፈው አንድ ኅዳር ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ሆኜ፣ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ከተማርሁበት ከጎጃም ጉባኤ ቤት ወደ ትውልድ መንደሬ ከተመለስሁ ዓመት አልሞላኝም። መንደራችን ከብልባላ ብዙም የማትርቅ፣ የሚካኤል ደብር ያለባት ናት። ባሕረ ሐሳብ ጾሙና በዓሉ የሚውልበት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቍጥር ነው። በጣቴ አንጓ እየቆጠርሁ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ስናገር አረጋውያን አፋቸውን ይዘው ያደምጡኝ ነበር። በዚያ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ የፈረንጁን አኃዝ ለይቼ ስለ ነበር፣ በዚያ ቀበሌ ሁለቱንም ቍጥር የሚያነብ ከእኔ በቀር አልነበረም። ይህን የምጽፈው ልመካበት አይደለም፤ ጥፋቴ የበቀለው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

ከጅረቱ ማዶ፣ ከሰው ቤት ፈንጠር ብሎ፣ አያ ምትኩ የሚባል አንጥረኛ ይኖር ነበር። ሕዝቡ የእጁን ሥራ ይወዳል፤ እሱን ግን ይፈራዋል። እናቶች ልጆቻቸውን ከዓይኑ ይሸሽጋሉ፤ የጆሮ ጉትቻቸውን ግን ከእሱ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። እሱ ይህን ሁሉ እያወቀ ሳቂታ ነበር። ወናፉን እየነፋ «ኑ ግቡ፤ ዛሬ ጠግቤያለሁ፣ ሰው አልበላም» እያለ ደንበኛውን ይቀልድበታል።

በዚያ ዓመት እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኵሲት፣ በሠርጋቸው ጊዜ ከአባታቸው የተሰጧቸውን ሰባት ጠገራ ብሮች ከቤታቸው ወለል ቆፍረው አወጡና፣ ለኅዳር ሚካኤል የሚደርስ የእጅ መስቀል እንዲሠራላቸው ለአያ ምትኩ ሰጡት። ጠገራ ያን ጊዜ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ገበያው የሚገበያየው በወረቀት ብር ነው፤ ወረቀቱም ራሱ የንጉሡ መልክ ያለበት ተሽሮ በሌላ ከተተካ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ከጠገራም በፊት ከአፋር በረሃ በሰቆጣ በኩል የሚመጣው አሞሌ ጨው ገንዘብ እንደ ነበር አያቴ ያጫውተን ነበር፤ ወዳጅና ወዳጅ መንገድ ላይ ሲገናኙ ገንዘባቸውን ከጉያቸው አውጥተው አንዱ ሌላውን ያስልስ ነበር ብሎ ሲነግረን በሳቅ እንንከባለል ነበር። ብቻ ወረቀቱ ይሻራል፣ ጨውም ይሟሟል፤ ብር ግን መቼም ብር ነው ብሎ የሚያምን ሁሉ አንድ ሁለት ጠገራ ከመሬት ቀብሮ ነበር። ቀብሮም ዝም ነው፤ መንግሥት ሊወርሰው ነው የሚል ወሬ ነበረና።

መስቀሉ አምስት ጠገራ በቃው። አያ ምትኩ የተረፉትን ሁለቱን በሎሚና በአመድ አጥቦ፣ እንደ በረዶ አንጽቶ፣ ከመስቀሉ ጋር ለእማሆይ መለሰላቸው። ሊያስደስታቸው ነበር።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ሁለቱን ነጭ ብሮች ለጎረቤት አሳዩ። «የእኔዎቹ ጥቁር ነበሩ፤ እንዴት እንዲህ ነጡ?» ብለው ነበር። ቃሉ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ «አንጥረኛው ብሩን ለወጠባቸው» ሆነ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ከገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ደረሰ።

ሸንጎው የተሰየመው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ነው። የገብስ አጨዳ ወቅት ስለ ነበር አየሩ ገለባ ገለባ ይሸታል፤ ሰዉም ቆሎውን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ እየቆረጠመ ይሰማ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሲሳይ፣ ትናንት አብሮን በሬ ሲጠምድ የኖረ ሰው፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ ሁለቱን ብሮች ሰጠኝ።

«የተማርኸው አንተ ነህ፤ አንብብና ንገረን።»

አገላበጥሁት። ከሴትዮዋ ጀርባ በኩል ባለው ፊት፣ ከንስሩ ክንፍ አጠገብ አኃዙን አገኘሁ፤ 1780። የእነሱንና የእኛን ዘመን ልዩነት አነሣሁ፤ ቆጠርሁ። ልቤ በደስታ ሲመታ ዛሬም ይሰማኛል።

«ይህ ብር እንደ ጽሕፈቱ ከሆነ ከተሠራ ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «በሁለት መቶ ዓመት ስንት እጅ ይነካዋል? የላሊበላ የዓለት ደረጃ እንኳ በምእመናን እግር ተበልቶ ጎድጉዷል። የዚህች ሴት አፍንጫ ግን ትናንት የወጣ ይመስላል። ዓመቱ ውሸት ነው፤ ብሩም ሐሰተኛ ነው።»

ሕዝቡ በአድናቆት አጉረመረመ። አያ ምትኩ ተነሣ፤ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ፈገግ ብሎ ነበር የተናገረው።

«ልጄ፣ እኔ ፊደሉን አላውቅም፤ መልኩን ግን አውቀዋለሁ። በዚህ እጄ ከመቶ የሚበልጥ ጠገራ አቅልጫለሁ፤ አባቴም እንዲሁ። ከዚህ የተለየ ጽሕፈት ያለበት አንድም አላየንም። ሁሉም ይኸው ነው።»

«እንግዲያው ሁሉም ሐሰተኛ ነዋ!» አልሁት። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

«እሺ፣ ከትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ቍጠር። ዘጠኝ ናቸው። አባቴ ጠገራን የሚለየው በዚያ ነበር።»

ቆጠርሁ፤ ዘጠኝ ነበሩ። «ሐሰተኛ የሚሠራ ሰው እስከ ዘጠኝ መቍጠር ያቅተዋል?» አልሁ። እንደ ገና ተሳቀ።

አሁን ፈገግታው ጠፋ። «ወገኖቼ፣ ሌላ ጠገራ ከየቤታችሁ አምጡና ጎን ለጎን አስተያዩት። ሌላ አልለምንም።»

ጓድ ሲሳይ ሕዝቡን ዞር ብሎ አየ። «ጠገራ ያለው አለ?»

ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የቆሎው ቍርጥምጥም እንኳ ቆመ።

ያን ጊዜ እማሆይ ወለተ ሥላሴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔ እኮ ነጣ ነው ያልሁት፤ ጠፋ አላልሁም» አሉ በቀስታ።

«እማሆይ፣ እርስዎ የዋህ ነዎት። ይህ የቍጥር ነገር ነው» ብዬ አስቀመጥኋቸው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን እናት እኔ አስቀመጥኋቸው።

ጓድ ሲሳይ «ይህ የለየለት የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» ብሎ ወደ አውራጃ እስር ቤት ሊልከው ተነሣ። ሽማግሌዎች ለምነው ነገሩ ቀለለለት፤ እሳቱን አጥፍቶ፣ በሳምንት ውስጥ አገሩን ለቆ ይሂድ ተባለ። ሁለቱን ብሮች ሸንጎው አስቀራቸው። መስቀሉም ከምን እንደ ተሠራ አይታወቅም ተብሎ ሳይባረክ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከዕቃ ቤቱ ጥግ ተቀመጠ። የደብሩ አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተን የመሰለ ሊቅ ለመሪጌትነት ሌላ ምን እንፈልጋለን?» አሉኝ። ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር የከረምሁት።

ቤቴ ገብቼ ሽሮ ቀረበልኝ። ሁለት ጊዜ ጎርሼ አቆምሁ። ከምሰሶው ላይ የዳዊቴ ማኅደር፣ ማለትም መጽሐፌን የምይዝበት የቆዳ ከረጢት፣ ተንጠልጥሎ ነበር። ለትምህርት ስሄድ እናቴ «ቢርብህ ትሸጠዋለህ» ብላ ከማኅደሩ ወለል በሁለት ቆዳ መካከል አንድ ጠገራ ሰፍታልኝ ነበር። አልሸጥሁትም፤ እሷም ከሞተች በኋላ አውጥቼ አይቼው አላውቅም።

በወስፌ ፈታሁት። ጥቁር ነበር። ከምድጃው አመድ ወስጄ በሎሚ አሸሁት። ጥቍረቱ እየለቀቀ ሲሄድ መጀመሪያ ንስሩ ወጣ፤ ከዚያም አኃዙ፤ 1780። ገለበጥሁት። የሴትዮዋ አፍንጫ ትናንት የወጣ ይመስል ነበር። ዘጠኙን ፈርጦች ቆጠርኋቸው።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሸንጎው ከተበተነበት ወይራ ሥር ሰዎች ቆመው ሲያወጉ ከደጄ ይታዩኝ ነበር። ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ለማለት መቶ እርምጃ ብቻ ይበቃኝ ነበር። አልሄድሁም። ጠገራ አለኝ ብል ጓድ ሲሳይ ይወርሰኛል ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ይህ ግን ሰበብ ነበር። የፈራሁት ሳቁ ወደ እኔ እንዳይዞር ነው። የፈራሁት መሪጌትነቱ እንዳያመልጠኝ ነው። ብሩን መልሼ ሰፋሁት።

ረቡዕ ጧት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ልሳለም ስወጣ፣ ከጅረቱ መሻገሪያ ላይ አያ ምትኩን ከነሚስቱ አገኘሁት። አህያዋ ላይ ወናፉና ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፉ ተጭነዋል፤ ሚስቱ ፊቷን አዙራ አለፈች።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ምትኩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሊቁ፣ ወዴት ነው ጕዞ?»

«ልሳለም።»

«ለእኛም ጸልይልን። ወደ ሰቆጣ ነን።» ጅረቱ የኅዳር ጅረት ነው፤ ቀጥኖ ይንሿሿል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ጠገራ የለህም?»

«የለኝም» አልሁ። ማኅደሩ በትከሻዬ ነበር።

አያ ምትኩ ዓይኔን አላየም። ያየው ማኅደሩን ነበር። እጁን ዘርግቶ የታችኛውን ስፌት፣ ከአሮጌው ጅማት መካከል የነጣውን አዲሱን ጅማት፣ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። የዕድሜ ልክ የእጅ ባለሙያ ነው፤ አዲስ ስፌት ከአሮጌው መለየት አያቅተውም፤ የብሩም ክብደት ከጣቱ ሥር ተሰምቶት ይሆናል።

«ስፌቱ አዲስ ነው» አለ። «ሰም ቀባው። ውኃ ያስገባብሃል።»

ከዚያም አህያዋን «ሂጂ» አላት። ሰቆጣ መንገድ ላይ ካለው ኮረብታ ጀርባ እስኪሰወሩ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። አልጠራሁትም።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ መስቀላቸውን ሳይሳለሙት በሚቀጥለው ዓመት አረፉ። እኔ መሪጌታ ሆንሁ። ከዚያም ያ ክፉ ድርቅ መጣ፤ ሕዝቡ በየመንገዱ ተበተነ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰቆጣ ወርጄ አያ ምትኩን ጠየቅሁ። የሚያውቀው አላገኘሁም። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ቀኖናም ተቀብያለሁ። ነገር ግን ኃጢአቴን ለካህን በምስጢር ነግሬ፣ የሰውየውን ስም ግን በአደባባይ እንዳጐደፍሁት ተውሁት። ንስሐዬ የጐደለው በዚህ ነው።

በወይንሸት ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ይህን ሳስብ፣ ሽማግሌው እንግዳ ጎንበስ ብሎ ጠገራውን ከመዳፌ አነሣና ጣቴን በጠርዙ ላይ አስሄደው። ጭረት ይመስለኝ የነበረው ለካ ፊደል ኖሯል።

«ይህን የሚቀርጹት ሰው ከዳሩ እየላገ ብር እንዳይሰርቅ ነው ይላሉ» አለች ወይንሸት። «የንግሥቲቱ ቃል ነው አሉ። ‹በፍትሕና በምሕረት› ማለት ነው።»

እኔ ያን እሑድ ፊቱንና ጀርባውን ብቻ ነበር ያነበብሁት።

በሳምንቱ ወደ መንደሬ ሄድሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን በዚያው ወይራ ሥር አስቀመጥሁና የእናቴን ጠገራ ከማኅደሬ አውጥቼ፣ ሰውየውን «አንጥረኛው» እያልሁ፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር ሁሉንም ነገርኋቸው። መስቀሉንም ከዕቃ ቤቱ አስወጣሁት። ጠቍሮ ነበር፤ ንጹሕ ብር ሳይነካ ሲኖር እንደሚጠቍር። ቄሱ ባርከው አሳለሙበት። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ተሳልመው ሲያበቁ ቀና አሉ።

«ያን ሐሰተኛ አንጥረኛ አስታውሰዋለሁ» አሉኝ። «ማን ነበር ስሙ?»

አጠገባቸው ያሉትን ጠየቅሁ። ሐሰተኛነቱን ያልሰማ አልነበረም፤ ወጣቶቹ እንኳ ከአባቶቻቸው ሰምተውታል። ስሙን ግን አንድም የሚያውቅ አልተገኘም።

«ምትኩ ነው» አልሁ። «ሐሰተኛም አልነበረም።»

እንደ ፊደል ተማሪ ሦስት ጊዜ አስደገምኋቸው።