ካሳነሽ አልመልስም ያለችው ሰርቨር

ካሳነሽ ኮልፌ ተወልዳ ኮልፌ ያደገች ናት። ረዳቱ ትርፍ ሲጭን «አውርድ» ብላ ታክሲ የምታስቆም፣ «እቺ ሴት ነገር ትወዳለች» ቢሏት ደንታ የሌላት። ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት ሰርቨሮቹን፣ ማለትም ድረ ገጹን የሚያስኬዱትን ኮምፒውተሮች፣ የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ድርጅቱ የተማሪዎችን የፈተና ውጤት በድረ ገጽ ያወጣል።

አምና ውጤት የወጣ ቀን ተፈታኙ ሁሉ ባንዴ ሲገባ ገጹ ተዘጋ፤ ጥፋቱም በካሳነሽ ተላከከ። ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገሜዳ አንድ ትልቅ ሰርቨር አስመጡና ሦስቱ አሮጌዎች ይጥፉ፣ ሰው ሁሉ በአዲሱ ይስተናገድ አሉ። ካሳነሽ አንድ ጀርባ ይህን ሁሉ አይችልም ብላ ተከራከረች። ሰሚ ስታጣ አሮጌዎቹን ሳታጠፋ፣ የሚመጣውን ሰው ሥራ ወዳልበዛበት ሰርቨር የሚመራ፣ መልስ መስጠት ያቆመውን ሰርቨርም ከተራ የሚያስወጣ ፕሮግራም ከአራቱም ሰርቨሮች ፊት አቆመች። ይህንኑ ለአቶ ገሜዳ በኢሜይል አሳወቀች። እሳቸው አላነበቡትም።

ውጤቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተለቀቀ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ ሰርቨር ቀጥ አለ። ፕሮግራሙ ወዲያው አስወጣው፤ ጭነቱን ሦስቱ አሮጌዎች ተካፈሉት። ገጹ ተንቀራፈፈ እንጂ አልተዘጋም።

አቶ ገሜዳ እንግዶች አስከትለው ሲገቡ ያስመጡት ሰርቨር ሥራ ፈትቶ አዩት። አፈሩና አሁኑኑ ወደ ሥራ መልሺው ብለው አዘዙ። ካሳነሽ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«አልመልሰውም። ወደሱ የተላከ ልጅ ሁሉ ባዶ ገጽ ነው የሚያየው።»

«የማዝዘው እኔ ነኝ።»

«ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ልጆቹን ግን ዛሬ አላስለቅስም።»

የሥራ ባልደረባዋ አዩብ አንገቱን ደፋ። እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ምሳም ሳትበላ እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ዋለች፤ ገጹ አንዴም ሳይዘጋ ተፈታኞቹ ውጤታቸውን አዩ።

በሳምንቱ ምስጋና አልመጣላትም፤ ትእዛዝ ጥሰሻል የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። አዩብ ይቅርታ ጠይቀሽ ይለፍ ብሎ መከራት። እስክሪብቶ አነሳችና ከደብዳቤው ግርጌ «አድርጌዋለሁ፤ ለከርሞም አደርገዋለሁ» ብላ ጽፋ ፈረመች። ለአቶ ገሜዳ ጸሐፊ አስረክባም ወደ ሰርቨሮቹ ክፍል ሄደች።