የእትዬ ጥሩወርቅ ሳጥን አልባ ስፒከሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ጥገና የጀመርኩ ዕለት፣ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ወልዴ አንድ ድምፅ የማያሰማ ሬዲዮ ሰጡኝና «ምን ሆኗል?» አሉኝ። በካቻቢቴ ጀርባውን ፈታሁ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለካሁ። ግማሽ ቀን ከለፋሁ በኋላ መጡና የድምፁን ቁልፍ አዞሩት። ሬዲዮው ጮኸ። «ተቀንሶ ነበር» ብለውኝ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ያልጠገንኩት የለም። የደብረ ሲና ሹፌሮችን ቴፕ፣ የአሊዩ አምባን መስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የስንቱን ሰርግ ስፒከር። ስለ ስፒከር የሚያስተምረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እንዲህ ልቤ አብጦ ሳለ ነው ከአንኮበር የተደወለልኝ።

የደወሉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ በጡረታ ላይ ያሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ታላቅ ወንድማቸው ከውጭ ሲመለሱ ያመጧቸውን ሁለት ስፒከሮች ትተውላቸው ዐርፈዋል። «ጉም በገባ ቁጥር ይንጣጣሉ» አሉኝ። «ወንድሜ ራሱ በገና የደረደረበት ካሴት አለኝ። እሁድ ሙት ዓመቱ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይሰማዋል ብዬ ተናግሬያለሁ።»

«ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ዉፈሩ ተቃጥሎ ነው» አልኩ፣ በዓይኔ ሳላየው።

አንኮበር ደርሼ ሳሎን ስገባ ስፒከር የሚባል ነገር አጣሁ። መስኮቱ ሥር፣ ግድግዳ ተጠግተው፣ የበር መዝጊያ የሚያካክሉ ሁለት ነገሮች ቆመዋል።

«ስፒከሮቹ የት አሉ?»

«ነጠላ ያሰጣሁባቸው ናቸዋ!»

ነጠላውን አነሳሁ። ሳጥን የላቸውም። ዉፈርም የላቸውም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት ብቻ፣ ከፊትም ከኋላም። ደግሞ እንደ ፍሪጅ ሶኬት ላይ ይሰካሉ። እንዳላፍር ሶኬቱን ቶሎ ነቀልኩና የኋላውን ክዳን ፈትቼ እጄን ሰደድኩ።

የሆነ ነገር ክንዴን መትቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከመሳቢያ የስፒከሮቹን መመሪያ ደብተር አውጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። «ከሶኬት ከነቀላችሁም በኋላ ኤሌክትሪኩ ውስጡ ስለሚቆይ፣ ሳትነኩ ጠብቁ።»

«እትዬ፣ ይህን ቀደም ብለው ቢያነቡልኝ ምን ነበረበት?»

«ቀደም ብለህ ብትጠይቀኝስ?»

ከዚያ በኋላ እሳቸው አነበቡ፣ እኔ እንደ ተማሪ አዳመጥኩ። ለካ በሁለቱ ብረቶች መካከል ከላስቲክ ከረጢት የሳሳ ፕላስቲክ ተወጥሯል። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ብረቶቹ ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ይርገበገብና ድምፅ ይሰጣል። አቧራና እርጥበት ካገኘው ኤሌክትሪኩ እየዘለለ ይንጣጣል። እርጥብ ነጠላማ አይወራ!

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁ። ከመስኮቱ አራቅናቸው። ድምፁ በጀርባም ስለሚወጣ ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ወደፊት ሳብናቸው፤ ሳሎኑ ግማሽ ሆነ። «እንግዳው የት ሊቀመጥ ነው?» አሉ። ቤቱ እንዲደርቅ ከሰል አቀጣጥለን እስከ ማግስቱ ጠበቅን።

በማግስቱ ስፒከሮቹን ከቴፑና ድምፅ ከሚያጎላው አምፕሊፋየር ጋር አገናኝተን ካሴቱን ከፈትን። መንጣጣቱ ጠፍቷል። በገናው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ፤ ቀጥሎ ጣት ጅማቱን ሲነካ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ የጠራ ድምፅ አልሰማሁም። ሰውየው ከፊታችን የተቀመጠ ይመስል ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው» አሉ። እኔም መሣሪያዬን የምሰበስብ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

እሁድ ዘመድ መጣ። ያኔ ሌላ ጉድ ተገለጠ፦ ድምፁ በደንብ የሚሰማው መካከል ላይ ለተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎን ያለው የሩቅ ሰው ድምፅ ያህል ይሰማዋል። እትዬ ጥሩወርቅ አንዲት ወንበር መካከል አስቀምጠው፣ እንደ አስተማሪነታቸው ዘመዱን አሰለፉት። ሁሉም በተራው እየተቀመጠ ሰማ፤ እያንዳንዱ ዓይኑን እየጠረገ ተነሣ። አንድ አጎት ግን አልነሣም ብለው ወረፋው ተበላሸ።

ሰዉ ሲበታተን፣ በጣርማ በር መስመር ሹፌር የሆነው አማቻቸው ከስልኩ የሰርግ ዘፈን ልክፈትበት አለ። ከበሮው ካርቶን የሚመታ ይመስል ነበር። ድምፁን ጨመረ፤ አምፕሊፋየሩ ጋለ፤ ከበሮው ግን ያው ነው።

«ጋሼ፣ ቤዙን አልጠገንከውም እንዴ?»

«አብሮት አልተፈጠረም» አልኩት። «ያ ስስ ፕላስቲክ ብዙ አየር መግፋት አይችልም። ለልጅህ ክርስትና የኔን ባለሳጥን ስፒከር እልክልሃለሁ።»

ዛሬ እንዲህ ዓይነት ስፒከር ልግዛ ወይ የሚለኝ ሰው ሲመጣ የሰው ድምፅና የክር መሣሪያ በሱ እንደሚያምር እነግረዋለሁ። ጭፈራ፣ ጠባብ ሳሎን፣ እርጥብ ቤትና ብዙ አድማጭ ግን አይሆኑለትም። ይህንም የምነግረው ከመግዛቱ በፊት ነው።