ዘጠኝ ቁጥር ወንበር

ሰውየው በያጅ ነው። በር፣ መስኮት፣ የበረንዳ ብረት፣ የተሰበረ አልጋ፣ ያመጡለትን ሁሉ ይበይዳል። የሰፈሩ ሰው «ቋጠሮ» ይለዋል፤ እጁ የገባችውን ብር በሦስት ቋጠሮ አስሮ ነው የሚያስቀምጣት ለማለት ነው። እሱም ስሙን አይጠላውም። ሚስቱ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፣ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው፣ ቤቱ የኪራይ ነው። ካልቋጠረ በምን ይኖራል?

ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ የጨቀጨቁት ለአንድ ነገር ነው፤ ከከተማው ዳር ወዳለው መዝናኛ ፓርክ ለመሄድ። የትልቁ መሽከርከሪያ አናት ከአውቶቡስ መስኮት በታየ ቁጥር ትንሿ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። አባትየው «ቆይ፣ ዋጋው ይቀንስ» ይላል። ዋጋው ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ሽቅብ ነው።

በኋላ ፓርኩ ለጥገና ተዘጋና የመሽከርከሪያውን አሥራ ስድስት ወንበሮች ማንጠልጠያ እንዲበይድ ቋጠሮ ተጠራ። ሥራው ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ከሒሳቡ ላይ ሦስት ነፃ የመሽከርከሪያ ቲኬት ጨመረለት። «በሥራ ቀን ይዘሃቸው ና፣ ወረፋም የለ» አለው። ቋጠሮ ያን ቀን ወደ ቤቱ የገባው እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደ ነበር።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ አንድ ሐሙስ ሄዱ። እናትየው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዛለች፤ ውሃም ከቤት ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ሰፈር ውስጥ ሦስት ጠርሙስ ይገዛል። ምግብ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ከበሩ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሉ። መግቢያው ርካሽ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ውስጥ ያለው ጨዋታ ነው። እነሱ ግን ሦስት ቲኬት አላቸው፣ ለአራት ሰው።

«አንተስ?» አለች ሚስቱ መሽከርከሪያው ጋ ሲደርሱ።

«እኔ ቦርሳ ልያዝ። ከፍታ ያዞረኛል።»

«ጣሪያ ላይ ውሎ የሚገባ ሰው ከፍታ ያዞረኛል ይላል እንግዲህ» ብላ ሳቀችበት፤ ግን አልተከራከረችውም። ቲኬት መግዛት እንደማይሆንለት ታውቃለች።

እሱ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ወንበሮቹን በኩራት ያያቸው ጀመር። ቀይ ቀለም ተቀብተው አዲስ መስለዋል። ሦስት ቁጥር አለፈ፣ አምስት አለፈ። ሚስቱና ልጆቹ ፊት የቆመው ወንበር ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ገቡ። መያዣው ብረት ጭናቸው ላይ ወረደ፤ ማሽኑ ተነሣ።

ያኔ ልቡ ስንጥቅ አለ።

ዘጠኝ ቁጥርን የበየደው በመጨረሻው ቀን፣ ማምሻው ላይ ነው። መብራት ይሄዳል ይመጣል። የሚበይድበት ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ እርጥበት ነክቶት ፍንጣሪ ይተፋ ነበር። የግራው መገጣጠሚያ አልጣመውም፤ ጠዋት ፍቄ እደግመዋለሁ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሲመጣ ቀለም ቀቢው ቀድሞት ሁሉንም ቀብቶ ጨርሷል። ቋጠሮ እርጥቡን ቀለም ቆሞ አየ። «ይይዛል» አለ ለራሱ። ለሥራ አስኪያጁ መናገር አፈረ፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሲመጣበት ጆሮ ዳባ ልበስ እያለ ነው የከረመው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ወንበሩ ወደ ላይ እየሄደ ነው። አባትየው ቦርሳውን መሬት ላይ ጥሎ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ወዳለችበት የመስታወት ክፍል ሮጠ። መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ወጣት ናት።

«እህቴ፣ ዘጠኝ ቁጥርን አውርጂልኝ።»

«ሦስት ዙር አላቸው እኮ ጋሼ። ምን ሆኑብዎት?»

«የበየድኩት እኔ ነኝ። የግራውን መገጣጠሚያ አላምነውም።»

ኦፕሬተሯ አንድ ጊዜ አየችውና እጇን ወደ ቀዩ ማቆሚያ ሰደደች።

«እንዳታቆሚው!» አለ። «ድንገት ከቆመ ይወዛወዛል። ቀስ አድርገሽ አምጪልኝ።»

«ወደ ኋላ መመለስ አይችልም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በላይ ዞሮ ነው የሚመጣው።»

በላይ ዞሮ። ፍጥነቱን ቀነሰችው። ፍርሃት ሲይዘው ጊዜ እንዲህ እንደሚጎተት ቋጠሮ አያውቅም ነበር። ዓይኑን ከግራው ማንጠልጠያ ላይ ማንሣት አልቻለም። የሚንቀጠቀጠው ብረቱ ይሁን የእሱ ዓይን መለየት አቃተው።

ወንበሩ ከአናቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ትንሿ አባቷን አየችው። በመያዣው ብረት ሥር ሾልካ ተነሣችና ቆመች፤ እጇን ታውለበልብለት ጀመር።

ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ቢጮህ አትሰማውም፤ ብትሰማውም ትደነግጣለች። ሁለት እጁን ዘርግቶ «ተቀመጪ» ለማለት ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገ። እሷ ሰላምታ መሰላት። እንደ እሱ እጆቿን ከፍ ዝቅ አደረገች፤ ወንበሩም አብሯት ተነቃነቀ። እናትየው ቀሚሷን ይዛ ትጎትታለች፣ ልጅቷ ግን ወይ ፍንክች።

ቋጠሮ ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ እሱ የሚያደርገውን ሁሉ ነው የምትደግመው፤ እሱ ሲያስል ታስላለች፣ እግሩን ሲያነባብር ታነባብራለች። ሰው በተሰበሰበበት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። በአጠገቡ የሚያልፉ ሰዎች ገላመጡት። ከላይ ትንሿ አየችው፤ ሳቀች፤ እሷም ተቀመጠች፣ እጇንም ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ወንበሩ መሬት እስኪደርስ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሲደርስ ግን ከሁሉ ቀድሞ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ። ልጆቹን አንድ በአንድ አወረደ፣ ሚስቱን በክንዷ ሳባት።

«ሦስት ዙር ነበር እኮ» አለች። ፊቱን ስታየው ልጆቹን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ኦፕሬተሯ የቀሩትን ሰዎች በየተራ አወረደች። ቋጠሮ በቤት ቁልፉ የግራውን መገጣጠሚያ ቀለም ፋቀ። ከሥሩ የጥፍር ርዝመት ያላት፣ የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ነበረች። ኦፕሬተሯ ጎንበስ ብላ አየቻት፤ ስልኳን አውጥታ ለሥራ አስኪያጁ ደወለች።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ስንጥቋን በጣቱ ዳሰሰ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ያን ጊዜ ጠርጥሬ ነበር። ተቀብቶ ሳገኘው መናገር አፈርኩ።»

«እና የእኔን ልጅ ጭኖ ቢሆን ኖሮስ?»

ቋጠሮ ባዶውን ወንበር አየ። ሌላው ሰው ልጁን እዚያ ላይ ሲያስቀምጥ የቆየው ስንት ቀን ነው? መሽከርከሪያው ተዘጋ፤ ሌላ በያጅ ተጠርቶ አሥራ ስድስቱንም መረመረ። ብልሽት የተገኘው ዘጠኝ ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለፖሊስ አላመለከተም፤ ዳግመኛ ግን አልጠራውም።

አውቶቡስ ውስጥ ታላቂቱ «ለምንድነው ያወረድከን?» ብላ ጠየቀችው። ሊዋሽ አስቦ ነበር፤ ግን ነገራት። ሚስቱ ሁሉንም ሰማች። ትንሿን እስከ ሰፈር ጭኗ ላይ እንዳቀፈች ሄደች። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው «ሌላስ አለ?» ያለችው።

«ምን ሌላ?»

«አልጣመኝም ብለህ የተውከው።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደው። ከእሑድ ጀምሮ ግን የሠራበትን ቤት ሁሉ እየዞረ ያንኳኳል። «የበረንዳችሁን ብረት ልየው፣ ገንዘብ አልጠይቅም» ይላል። አንዳንዱ ይጠራጠረዋል፣ አንዳንዱ ያስገባዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አስገቡትና ከኋላው ቆመው አዩት። ቋጠሮ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ነቀነቀው፣ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አንኳኳ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በሙሉ ክብደቱ ተደገፈበት።

«ኧረ ልጄ፣ ትወድቃለህ» አሉት።

«ለዚህ ነው አባቴ የማየው» አለ።