የሲቲ ስካኑ ክፍል በር

የሆስፒታሉን የሕንፃ መሐንዲስ ሁሉም «ሴንቲ» ይሉታል፤ ፕላን ሲያወጣ ለአንዲት ሴንቲሜትር ይሟገታልና። የሚሟገተው ግን ለአለቃ ቢሮ እንጂ ለበሽተኛ አልነበረም። የሲቲ ስካኑን ክፍል ሲነድፍ የራጅ ክፍሏ ሲስተር፣ «ባለጎማው አልጋ በዚህ በር አይዞርም፤ ግድግዳውን ትንሽ ግፋው» አለችው። ከግድግዳው ወዲያ የዳይሬክተሩ ቢሮ ነበር። ሴንቲ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «መሄድ ያቃተውን ተሸክማችሁ አስገቡ፤ ክንዳችሁ ለምን ተፈጠረ?» ብሏት ሳቀ።

ክፍሉ ሥራ በጀመረ በዓመቱ የሴንቲ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አልጋቸው በሩ ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። ሴንቲ ልማድ ሆኖበት ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ለካ፤ ስምንት ሴንቲሜትር ይጎድላል።

«ሜትሩን ተውና እግራቸውን ያዝ» አለችው ሲስተር። «ክንድህ ለምን ተፈጠረ?»

ከአልጋው ሲያነሷቸው አሮጊቷ ጮኹ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእናቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ይህን በር የሠራ እጁ ይሰበር» አሉ።

ሴንቲ የእናቱን እግር እንደያዘ አቀረቀረ። ሲስተር ግን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «አሜን፣ እማማ» አለች።