ደንበኛ ፍለጋ አይደለም

ሮቤ ውስጥ አረቄ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ሠርከአዲስን ያውቃታል። ሠርኬ ነው የሚሏት። ቤቷ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የስንዴ አጨዳ ሲደርስ የኮምባይነር ሾፌሮች አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ እሷ ጋ ነው የሚያርፉት።

አንድ ነገር ግን ማንም ልብ አላለም። አረቄ የሚያወጣ ሰው ይቀምሳል። ከመቃው ጠብ ጠብ ሲል ይቀምሳል፣ ሲበርድ ይቀምሳል፣ ውሃ ገባበት ብሎ የሚጠረጥር ጠጪ ሲመጣ ደግሞ ፊት ለፊቱ ይቀምስለታል። ሠርኬ ሰው ፊት ሰክራ አታውቅም። እንዲሁ ስትቀምስ ስትቀምስ ኖራ፣ ጠዋት አንድ መለኪያ ካልወሰደች ክብሪት መጫር አቃታት።

ሐምሌ ላይ እንደዚሁ ቀምሳ ምድጃው ፊት እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ቀሚሷ እየነደደ ነው። ጎረቤት ደርሶ አጠፋላት፤ የተረፈችው በእግዜር ቸርነት ነው። የእግሯን ቁስል ስታጥብ "በቃኝ" አለች። በቃኝ ያለችው ግን እስከ ገበያው ቀን እንኳ አልቆየም።

ያን ጊዜ ነው ለሚ ትዝ ያላት። ለሚ የኮምባይነር ሾፌር ነው፤ ስንት ዓመት የእሷን ግድግዳ ተደግፎ ያመሸ። ካለፈው አጨዳ ወዲህ ጠፋ። ጎባ ውስጥ መጠጥ የተዉ ሰዎች እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ ይረዳዳሉ፣ እሱም እዚያ ነው የዳነው እየተባለ ይወራል። የቱ ቤት እንደሆነ ግን የሚነግራት ጠፋ።

ነጠላዋን አጣፍታ ለሚ ቤት ሄደች። ሚስቱ ጤቤ በር ላይ ስንዴ ታበጥራለች።

"አካም ጤቤ። ለሚ የሚሄድበት ስብሰባ የት ነው?"

ጤቤ ሰፌዱን አላቆመችም። "እዚያም ድረስ ልትከተይው ነው?"

"ለራሴ ነው።"

"ለራስሽማ ነው፤ ለማን ሊሆን ነው።" ሰፌዱን መታ መታ አደረገችው። "ስንት ዓመት አንቺ ጋ አመሸ። አሁን እኔ ጋ ነው። ሂጂ ሠርኬ፣ ሌላ ደንበኛ ፈልጊ።"

መናኸሪያ አንድ ወያላ ጠየቀች። እሱም ሳቀባት። "ጠጪዎችሽ ከዱሽ አይደል?"

እሑድ ጠዋት መለኪያዋን ሳትነካ የጎባ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ከሳነቴ ተራራ የወረደው ጉም ከተማውን ሸፍኖታል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ አሮጊት አየችና ጠጋ አለች።

"እናቴ፣ መጠጥ የሚተዉ ሰዎች የት ነው የሚሰበሰቡት?"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ሮቤ ውስጥ ማን እንደሆነች አያውቁም። "ዕድር ቤቱ ነው ልጄ፣ ድንኳን የሚቀመጥበት። ቶሎ በይ፣ ጀምረዋል።"

ስትገባ ሁሉም ዞረው አዩዋት። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ግማሹ የራሷ ጠጪዎች ናቸው። ለሚ ብድግ አለ።

"ጋሼ፣ እሷ ከተቀመጠች እኔ ልውጣ" አላቸው ስብሰባውን የሚመሩትን ጋሽ ገብረ ሥላሴን። ጡረታ የወጡ የሐኪም ቤት ድሬሰር ናቸው።

"ምን አደረገችህ?"

"ምንም። ሽታዋ ነው። ቀሚሷ አረቄ አረቄ ይላል፤ ይኸው አፌ ውሃ ሞላ።"

"እኔማ ሽታው ሲመጣ ጸሎቴ የተሰማ መስሎኝ ነበር" አለ ዋቆ የሚባል አናጢ። ጥቂቶቹ ሳቁ።

ሠርኬ አልሳቀችም፤ አልወጣችምም። "ደንበኛ ፍለጋ አይደለም የመጣሁት። እናንተ ገዝታችሁ ነው የጠጣችሁት። እኔ ስቀምስ ነው ያለቅሁት።"

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ጉንጫቸውን አሻሹ። "አንቺም እውነት አለሽ፣ እሱም እውነት አለው።"

"እንግዲያው ከመስኮቱ ሥር እሆናለሁ። መስኮቱን ብቻ ክፈቱልኝ።"

ውጭ የተደፋ የዕድር ብረት ድስት ነበር። እሱ ላይ ተቀምጣ ካፊያው እየወረደባት አዳመጠች። ተራው ሲዳረስ ሽማግሌው በመስኮት ብቅ አሉ። "ሠርከአዲስ፣ አንቺስ?"

"ዛሬ አልቀመስኩም" አለች።

አረቄ እያወጣች ሽታው እንደማይለቃት ታውቃለች። ታዲያ ምን ልትበላ ነው? ያደገችበት፣ የኖረችበት ሥራ ነው። ፈራች። ቤቷ ተመልሳ፣ እየፈራች፣ ጥንስሱን ቦይ ውስጥ ደፋችው፤ መቃውን ሰባብራ ማገደችው። በዚያው ምድጃ ገብስ እየቆላች መናኸሪያ መሸጥ ጀመረች። የለመዱ ጠጪዎች በሯን እየደበደቡ ተሳደቡ። አንድ እሑድ ሰው ቤት ቀምሳ ነው የሄደችው። ከመስኮቱ ሥር ሆና "ዛሬ ቀምሻለሁ" አለች፤ የተቆጣት የለም። በሚቀጥለው እሑድም መጣች።

ጥቅምት ላይ በረዶ የጣለ ቀን ለሚ አርፍዶ መጣ። በአጠገቧ አልፎ ተመለሰ፤ ጎንበስ አለ።

"ምንድን ነው የምትሸቺው?"

"ገብስ ነዋ። ስቆላ አድሬ ነው የመጣሁት።"

"ይዘሻል?"

ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችው። ቆረጠመ። በሩን በእግሩ ደግፎ ከፈተላት።

"ኮቱ" አላት በእጁ እየጠራት። "በረዶ ላይ ምን ያስቀምጥሻል።"

አግዳሚው ሞልቶ ነበር። ሠርኬ የምትቀመጥበትን ድስት ተሸክማ ገባች።